ጫማዬን የያዙት የቦቴ ሹፌር

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። ይሁን እንጂ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አባቴ የሚሆኑ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት እግሬ ላይ ወድቀዋል። ለምን እንደወደቁ በጊዜው አልገባኝም። የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ሲገባኝ ደግሞ ከቤቴ፣ ከሚስቴና ከልጄ ርቄ ነበር።

ጀማል እባላለሁ። ከሚሴ ውስጥ ዋናው አስፋልት ዳር አነስተኛ የብየዳ ቤት አለኝ፤ እግረ መንገዴንም የባጃጅና የሚኒባስ ጎማ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ሰፈሩ «ደፋኙ» ነው የሚለኝ። የተበሳ በርሜል ይምጣ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ይምጣ፣ እደፍነዋለሁ። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ እውነቱን ልናገርና ትንሽ ያኮራኝም ነበር።

ያን ሰሞን ልጃችን ሀያት አራት ወሯ ነበር። እኔና ዘሀራ በተጋባን በስድስተኛው ዓመት ያገኘናት ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው «ምን ይዟችሁ ነው?» እያለ ሲጠይቀን «አላህ ያውቃል» እያልን ኖረን ነው የመጣችልን። ስለዚህ ዝንብ ስታርፍባት እንኳ ሁለታችንም እኩል ነበር የምንነሳው።

ቤታችን ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ነው። የሚለያቸው አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ከቆርቆሮው ወዲህ ጎማ የምነፋበት ኮምፕሬሰር ቆሟል፤ ከቆርቆሮው ወዲያ የሀያት መኝታ አለ።

ኮምፕሬሰሩ ያረጀ ነው። አየር ሲሞላ በራሱ የሚያጠፋው አውቶማቲክ ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ አየሩ ከልኩ ሲያልፍ አናቱ ላይ ያለችው ማስተንፈሻ ቫልቭ «ጢስስስ!» ብላ ትከፈታለች። እሷ በጮኸች ቁጥር ሀያት ትበረግጋለች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ትወረውርና ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ለቅሶው ይከተላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ስትደነግጥ አይቼ አንጀቴ አልችል አለ። ቫልቯን ፈትቼ አወጣኋትና በቦታዋ ወፍራም ብሎን አሰርኩበት። አጥብቄ፣ በሁለት እጄ።

ለዘሀራ «የአየር መለኪያው፣ የጌጁ ቀስት ቀዩ ጋ ሲደርስ አንቺው አጥፊው» አልኳት። የስልኳንም ድምፅ አጠፋሁላት፤ እሱም ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ ብዬ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሀያት እንቅልፏን ለጠጠች። እኔም ራሴን እንደ ጎበዝ አባት ቆጠርኩ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን ወደ ሰንበቴ ሄድኩ። ሀጂ ሰይድ የሚባሉ የከብት ነጋዴ ረጅም የብረት የከብት ማጠጫ ገንዳ አዘውኝ ስለነበር እሱን ላስረክብ ነው። ስወጣ ዘሀራ ልጅቷን አዝላ በሩ ላይ ቆማ «ቶሎ ና፤ ጎማውን እኔ እነፋለሁ፣ አብሽር» አለችኝ። ከኔ በላይ ደንበኛ የሚወደው እሷን ነው።

ሰንበቴ በገበያ ቀን መተንፈሻ የለውም። ግመሉ ከአፋር በኩል ይመጣል፣ በሬውና በጉ ከደጋ ይወርዳል፤ መንገዱም ገበያው ነው። እንደደረስኩ ገንዳውን አውርደን፣ ሀጂ ሰይድ በጀሪካን ውኃ እያስሞሉ ያፈስ እንደሆነ ይመረምሩ ጀመር። ገንዳዬ አንዲት ጠብታ አላፈሰም።

ከኛ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ ነጭ ቦቴ መንገድ ዳር ቆሟል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ይሄድ የነበረ ነው። ጎማው ፈንድቶ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ እንደቆመ ሰማሁ። ሹፌሩ ሽበታም ሽማግሌ ናቸው፤ ጃኬታቸውን አውልቀው በቦቴው ጥላ ቁጭ ብለዋል።

ስድስት ሰዓት ገደማ ላይ ቦቴው ጮኸ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የኔን ኮምፕሬሰር ድምፅ መቶ አድርጉት። ከአናቱ ነጭ ነገር ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ የጋዝ ሽታ አካባቢውን ሞላው። ግመሎቹ ገመዳቸውን በጥሰው ተነሱ። በሬው በጉን እየረገጠ፣ ሰው በሬውን እየሸሸ፣ ገበያው ተደበላለቀ። ጩኸቱ ትንሽ ፋታ ይሰጥና እንደገና ይነሳል።

ሀጂ ሰይድ ክንዴን ያዙኝ። «ጀማል! ድፈነው በአላህ! ከብቱ ማለቁ ነው!»

«ደፋኙ አለ! ደፋኙ አለ!» አለ የሚያውቀኝ ሁሉ። «ዳፊ! ዳፊ!» ይለኛል ሌላው፣ ቶሎ በል ነው በኦሮምኛ። ሰው እንዲህ ሲፈልገው ልቡ የማያብጥ ማን አለ? ከመሣሪያ ከረጢቴ ጠርቤ ያስቀመጥኩትን እንጨት፣ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭና መዶሻ አወጣሁ። ጋዝ አጠገብ መበየድ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። በጎማ ጠቅልዬ በእንጨት ልወትፈው ነበር ያሰብኩት። ሮጬ የቦቴውን መሰላል ያዝኩ።

ሦስተኛው እርከን ላይ ስደርስ አንድ ነገር ቀኝ እግሬን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ዞር ስል ሹፌሩ ናቸው።

«ውረድ ልጄ» አሉኝ።

«አይዞዎት አባቴ፣ አሁን እደፍነዋለሁ!»

«አትድፈነው! ውረድ!»

እግሬን ላስለቅቅ ታገልኩ። እሳቸው ግን ተንበረከኩ። ከዚያ ግንባራቸውን ጫማዬ ላይ አሳረፉ። አቧራና የከብት እበት የጠገበ ጫማ ነው። «እግርህን ይዣለሁ» አሉ። «በወለደችህ እናት፣ እግርህን ይዣለሁ!»

በኛ አገር ታናሽ የታላቁን እግር ይይዛል እንጂ ታላቅ የታናሹን አይዝም። ሽማግሌ እግሩ ላይ የወደቀበት ሰው ደግሞ የደም ነገር እንኳ ቢሆን ይተዋል። እኔ ያን ጊዜ ስለ ጋዙ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ ሀፍረቱ ብቻ ነው። መዶሻውን ጥዬ ወረድኩ። «አስተግፊሩላህ! ይነሱ አባቴ፣ ይነሱልኝ» ብዬ በሁለት እጄ አነሳኋቸው። ግንባራቸው ላይ የጫማዬ እበት ተለጥፎ ነበር።

እሳቸው ግን ለሀፍረት ጊዜ አልነበራቸውም። ወዲያው ትእዛዝ ጀመሩ። «ሲጋራ የያዘ ያጥፋ! ሻይ ቤቶቹ ከሰሉን በውኃ ያጥፉ! ስልክ ዝጉ! ሴቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ሁሉም ነፋሱ ከሚነፍስበት በኩል ይራቅ። ስድስት ወንድ ብቻ ይቅርልኝ፤ ውኃ የት አለ?»

ውኃው ያለው የኔ ገንዳ ውስጥ ነበር። ሲያልቅ ደግሞ የአፋር ነጋዴዎቹ ለመንገዳቸው፣ ለግመሎቻቸው ያስቀመጡትን ጀሪካን ሳይለመኑ አምጥተው ደረደሩት። እኛ በባልዲ እየቀዳን ከነፋሱ በኩል የቦቴውን ጎን መርጨት ጀመርን። ብረቱ ከመጋሉ የተነሳ መጀመሪያ ያፈሰስነው ውኃ ወዲያው ደረቀ።

አንድ ነገር ገርሞኛል። ቦቴው በጮኸ ቁጥር ሽማግሌው ቀና ብለው «ሰማሁ!» ይሉታል። ለሰው እንደሚመልሱ ሁሉ። ይጮሃል፤ «ሰማሁ፣ ሰማሁ» ይላሉ፤ እኛም ውኃ እንደፋለን። ከአንድ ሰዓት ድካም በኋላ ጩኸቱ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ቆመ። ማንም አልነካውም፤ በራሱ ተከደነ።

ሁላችንም ርቀን ሄደን ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሹፌሩ ጋሽ ገዛኸኝ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሠርተዋል፤ ነዳጅና ጋዝ የሚጭኑትን የባቡር ቦቴዎች ሳይነሱ በፊት እየዞሩ መመርመር ነበር ሥራቸው።

«ማስተንፈሻው ካልተፈተነ ቦቴው አይጫንም። ሲጫን ደግሞ እስከ አፉ አይሞላም፤ ሲግል የሚያብጥበት ቦታ ይፈልጋል» አሉኝ። «ትናንት የሞሉት ሰዎች ትንሽ ሳያሳልፉት አልቀሩም። እኔም ቆሜ ሳላይ ፈረምኩ፤ ጥፋቱ የኔም ነው።»

«ሲጮህስ?» አልኳቸው።

«ሲጮህማ መልስ መስጠት ነው። እኛ ባቡር ላይ ማስተንፈሻ የሰማ ሰው ‹ሰማሁ› ብሎ መጮህ ነበረበት። ‹ሰማሁ› ያለ ሰው ምክንያቱን ሳያገኝ አይቀመጥም። አፉን የደፈነ ግን በዚያው ቀን ከሥራ ይባረራል።» ወደ ቦቴው አየት አድርገው «አንተ ብትደፍነው ኖሮ ይሄ ገበያ አይኖርም ነበር። እኔም አንተም» አሉ።

ፈገግ አልኩ። ሰው ከድንጋጤ ሲወጣ ወሬ ያበዛል። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ቤትም አንዲት እንደዚህ የምትጮህ አለች። የኮምፕሬሰር። ልጄን እያስደነገጠች ስታስቸግረኝ በብሎን ዘጋኋት» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ።

«መቼ?»

«ያለፈው ሳምንት።»

«አውቶማቲኩ ይሠራል?»

«የለም፣ እሱማ ተበላሽቷል። በእጅ ነው የምናጠፋው።»

«አሁን ማን አለ እቤት?»

«ሚስቴና ልጄ» ብዬ ሳልጨርስ የራሴ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ያቺ ቫልቭ አልነበረችም የታመመችው። አውቶማቲኩ ታሞ ነው እሷ የምትጮኸው። እኔ ደግሞ የምትነግረኝን አፍ ደፍኜ፣ ልጄን አጠገቡ አስተኝቼ መጣሁ። እናቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትል ነበር፤ እኔ ብሎን ይዤ ነበር አልለቅ ያልኩት።

ስልኬን ከፍቼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ድምፁን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

«በቦቴው ያድርሱኝ ጋሼ!»

«ይሄ መኪና ሰው አይጭንም፤ ሳይቀዘቅዝም ከዚህ አይነቃነቅም። ና!» ብለው እጄን ይዘው ወደ አስፋልቱ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው! አንድ ሚኒባስ ወደ ከሚሴ ሲመጣ መሃል መንገድ ላይ ቆሙበት። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ሞልቷል አባት፣ ሞልቷል!» አለ። ጋሽ ገዛኸኝ ምንም ሳይመልሱ በሹፌሩ በር በኩል ዞረው በሩን ከፈቱና ወደ እግሩ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ በአላህ! ኧረ አባቴ ምን ሆነዋል! ይግባ፣ ይግባ!» አለ ሹፌሩ ደንግጦ። ሁለት በግ የያዘ ሰው ጉልበት ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰንበቴ ከሚሴ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን የጨፋ ሜዳ አላልቅ አለኝ። ማሽላው ያልፋል፣ ሌላ ማሽላ ይመጣል። እደውላለሁ፣ አይነሳም። ያ ረቢ፣ ስድስት ዓመት ጠብቀን ነው፣ እያልኩ ሳለቅስ ሰውዬው በጎቹን ትቶ ጀርባዬን ይደባብሰኝ ጀመር። «ምን ገጥሞህ ነው ወንድሜ?» አለኝ። ልነግረው አልቻልኩም። «አብሽር፣ ኸይር ነው» አለኝ ሳያውቀው።

ሚኒባሱ ደጄ ላይ ሳያቆም ዘለልኩ። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ነው። ድምፁ ከብዷል፤ ሸክም የበዛበት ሰው ዓይነት ያቃስታል። በሩ ላይ ጎማዋ የተነፈሰ ባጃጅ ቆማለች፤ ባለቤቱ የለም፣ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ዘሀራም የለችም።

ወደ ኮምፕሬሰሩ አልቀረብኩም። ውጪ ግድግዳው ላይ ያለውን ብሬከር ጎትቼ መብራቱን ከሁሉም ቤት አጠፋሁ። ከዚያ በጓሮ ዞሬ ገባሁ።

ዘሀራ መሬት ላይ ተቀምጣ ሀያትን ጡት ታጠባለች። ጀርባዋን ቆርቆሮው ላይ ደግፋለች። ከጀርባዋ ማዶ፣ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣ ያ የኮምፕሬሰሩ የአየር ጋን ቆሟል። ልጅቷ ስታለቅስባት ኮምፕሬሰሩን እንደከፈተች ትታ ገብታ፣ እሷም በድካም አይኗ ተከድኖ ኖሯል።

«ተነሺ!»

«ቀስ በል! ገና መተኛቷ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

ክንዷን ይዤ ሁለቱንም በጓሮ አወጣኋቸው፤ ዞረን አስፋልቱን ተሻገርን። ነጠላዋ ወድቆ ቀረ። «ምን ሆነሃል አንተ? ሰው ምን ይለናል?» ትለኛለች። ጎረቤቶቹንም አስወጣሁ። ብዙ ከጠበቅን በኋላ፣ በር ድረስ የሚደርሰውን የጎማ መንፊያ ቱቦ ጫፍ በሩ አጠገብ ባለው የድንጋይ ግንብ ተከልዬ ያዝኩና አየሩን ለቀቅኩት። ረጅም ጊዜ ጮኸ። ሀያት በርግጋ ሁለት እጇን ወረወረች፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ያን ለቅሶዋን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ከዚያ ገብቼ ጌጁን አየሁት። ቀስቱ ቀዩን አልፎ ጫፉ ላይ ያለችውን የማቆሚያ ሚስማር ገፍቶ አጣሟታል። አየሩ ወጥቶ እንኳ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ዘሀራ አጠገቤ መጥታ እሱንም ብሎኑንም አየች። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ «አልሀምዱሊላህ በል፤ ለሷ ብለህ ነው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አውቶማቲኩንም ቫልቩንም በአዲስ ቀየርኩ።

ጋሽ ገዛኸኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጡ። ቦቴውን ከከተማ ውጭ፣ ከሰው ርቆ አቁመውት በእግራቸው ነበር የገቡት፤ ሕጋቸው እንደዚያ ነው። ለካ ስልክ ቁጥሬን እንኳ ሳልሰጣቸው ነበር የሮጥኩት። ደህና መሆናችንን ሳያውቁ ሁለት ሳምንት ከርመው «ደፋኙ የሚባል በያጅ የት ነው? ቤተሰቡ ደህና ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ደረሱ።

ገና ሳያቸው እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «በል ተነስ፣ እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ ላነሳህ አልችልም» አሉኝ እየሳቁ። ሀያትን ተቀብለው ታቀፏት። ጨዋታ ላይ ሳለን አዲሷን ቫልቭ ልፈትሽ ቀለበቷን ሳብ አደረግኳት፤ «ጢስስስ!» አለች። ሀያት በእቅፋቸው በርግጋ ጮኸች። ዘሀራ ልትቀበላቸው ስትሮጥ «ተያት ልጄ፣ ትጩህ» አሏትና ወደ ቆርቆሮው ዞረው «ሰማሁ!» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ የቤታችን ሕግ ሆነ። ቫልቯ ከጮኸች የሰማ ሰው ሁሉ «ሰማሁ» ይላል። እኔ ከብየዳው፣ ዘሀራ ከጓዳ፣ ደንበኞቼም ለምደውታል። ሰፈሩ ደፋኙ ማለቱን አልተወም፤ እኔም ስሙን አልጠላሁትም። ብቻ አንድ ነገር ከመድፈኔ በፊት አሁን ለምን እንደሚያፈስ እጠይቃለሁ። አሮጌውን ብሎን በሚስማር የብየዳ ቤቱ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ሀያት በዚያው ቆርቆሮ ሥር ተኝታለች። አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። ቫልቯን ልፈትሽ ቀለበቷን ስስብ ጮኸች። እኔም ልጅቷ እንዳትነቃ ፈርቼ በቆርቆሮው ሽንቁር አጮልቄ አየኋት። እጇን አልወረወረችም፣ ከንፈሯም አልተንቀጠቀጠም። አይኗን ሳትገልጥ ወደ ግድግዳው ዞር አለችና «ሰማሁ» ብላ እንቅልፏን ቀጠለች።